ሰሌዳና ወለል

ስልኩን ደፍታ ትራሷ ሥር ከከተተችው ሦስት ሰዓት ሊሞላ ነው፣ እንቅልፍ ግን ወይ ፍንክች። መጋረጃው ከመስኮቱ በአንድ ስንዝር ያጥራል፤ የረፋዱ ፀሐይ በዚያች ስንዝር ገብቶ ግንባሯ ላይ ቁጭ ብሏል። ሌሊቱን በአረጋውያን ማቆያው ከአልጋ አልጋ ስትዞር፣ ሽማግሌ ስታገላብጥ፣ አሮጊት ስታጥብ አድራ፣ ጠዋት እግሯን እየጎተተች ገብታ ጫማዋን በቅጡ ሳታወልቅ አልጋው ላይ ወደቀች፤ ያኔ ነው ስልኩ የጠራው። ቁጥሩ የሀገር ቤት ነው። የጋሼ ልጅ ቁጥር። አላነሣችውም። እንደገና ጠራ፣ አላነሣችውም። ስድስት ጊዜ። ሰው ስድስት ጊዜ የሚደውለው ለምንድን ነው? ለደስታ ከሆነ ሁለቴ ደውሎ ይተዋል፤ ለችግርም ቢሆን ሦስቴ፤ ስድስቴ የሚደውል ሰው ግን፣ ስድስቴ የሚደውል ሰው… እዚህ ላይ ሐሳቧን ትቆርጠዋለች። ትገለበጣለች። ግድግዳውን ታያለች። እስካልደወለች ድረስ ጋሼ በሕይወት አሉ። ይህን ያህል ቀላል ነው። ስልኩ ትራስ ሥር ነው፣ ጋሼም በሕይወት አሉ፣ እሷም እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ተኝታ፣ ተነሥታ፣ ፊቷን ታጥባ ሥራ ትሄዳለች።

ጋሼ የትወና አሠልጣኝ ነበሩ። ነበሩ አለች እንዴ? ናቸው፣ ናቸው። እሷና እሳቸው አብረው ዘጠኝ ዓመት አስተምረዋል። የቲያትር ትምህርት ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ አሮጌ ቤት ነው፤ ፎቁ ላይ ያለው ክፍል የእሷ፣ ምድር ያለው የጣውላ ወለል አዳራሽ የእሳቸው። እሷ ንድፈ ሐሳቡን ታስተምራለች፣ እሳቸው ተግባሩን። እሷ ሰሌዳው ላይ ሁለት ቀስት ትስላለች፤ አንዱ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ አንዱ ከውጭ ወደ ውስጥ። ተዋናይ ስሜቱን ካገኘው አካሉ ይከተላል የሚሉ አሉ፣ አይደለም አካሉ በትክክል ከሠራ ስሜቱ ራሱ ይመጣል የሚሉም አሉ፣ እያለች፣ ጠመኔ የነካውን ጣቷን በቀሚሷ እየጠረገች። እሳቸው ታች ተማሪውን ውሃ የሞላ ባልዲ አሸክመው አዳራሹን ያዞሩታል፤ ከዚያ ባዶውን ባልዲ፤ ከዚያ ያለ ባልዲ። «ውሃው ከባልዲው ወጥቶ ትከሻህ ውስጥ ካልገባ ገና ነህ» ይላሉ። ለምን ብሎ የጠየቃቸው እንደሆነ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ለምን የሚለውን ሂድና ሰሌዳን ጠይቃት።» እሷን ደግሞ እንዴት ብሎ የጠየቃት ካለ «እሱ የጋሼ ወለል ሥራ ነው» ትላለች። ስሙን ያወጡት ተማሪዎቹ ናቸው፣ እሷን ሰሌዳ፣ እሳቸውን ጋሼ ወለል። «ላይ እናውቃለን፣ ታች እንሠራለን፣ ደረጃው ላይ ሁለቱንም እንረሳለን» እያሉ ይስቁ ነበር። እሷም አብራ ትስቅ ነበር። ቀልዱ በእሷ ላይ መሆኑ የገባት ግን እዚህ ነው፣ ይህች አልጋ ላይ፣ ከስንት ዓመት በኋላ። ሰሌዳ ብሎ የሚጠራት ሰው እንዴት ይናፍቃታል። እዚህ ቅጽል ስም ያወጣላት የለም፤ ደረቷ ላይ የሚንጠለጠለው ባጅ ላይ ስሟ ተጽፏል፣ እሱንም ቢሆን አንድ ፊደል ገድፈውበታል፣ ይታረምልኝ ብላ ሁለት ጊዜ ቅጽ ሞልታለች፤ አሁን ትታዋለች፣ ሲጠሯት አቤት ትላለች።

ግምገማው። ዞራ ዞራ የምትደርሰው እዚያ ነው። ትምህርት ቤቱ በዲግሪ ሊያስተምር ሲነሣ የመምህራኑን ብቃት የሚመረምር ኮሚቴ ተቋቋመ፤ የጋሼን ሥልጠና እንድትገመግም ደግሞ እሷን መረጡ፣ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል ብለው። ከእሷ በላይ ማን ያውቃል መባሉ ደስ ብሏታል፣ ይህን አትክድም። ሁለት ገጽ ጻፈች። ስለ ትዕግሥታቸው ጽፋለች፣ ስለ ልምዳቸው ጽፋለች፤ ዛሬ በቃሏ የቀረው ግን አንዱ ዓረፍተ ነገር ነው፦ የሚሰጡት ሥልጠና በንድፈ ሐሳብ ያልተደገፈ፣ ሊመዘንም የማይችል ነው። ውሸት አልነበረም። የሚያንገበግባትም ይኸው ነው፤ ውሸት ቢሆን ኖሮ ይቅርታ መጠየቁ ይቀላት ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ጋሼ ተሰናበቱ። ከስንብቱ ደብዳቤ ጋር ግምገማው ተያይዞላቸዋል፣ የጻፈው ሰው ስም የለበትም። ያን ወረቀት ይዘው የሄዱት ወደ ማን ነው? ወደ እሷ። ደረጃውን አንድ በአንድ ወጥተው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ በሩ ላይ ቆሙ። «መነጽሬን ረስቻለሁ፣ እስቲ አንብቢልኝ» አሏት። አነበበችላቸው። «ሊመዘን የማይችል ማለት ምን ማለት ነው?» አሏት። አስረዳቻቸው፣ እንደ መምህር፣ ከነምሳሌው። ጸጥ ብለው ሰምተው ሲጨርሱ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ሲወርዱ የእጃቸው መዳፍ የደረጃውን መደገፊያ እየዳሰሰ ሲሄድ ታየዋለች፣ አሁንም ታየዋለች። በዚያው ክረምት የትምህርት ዕድል አግኝታ ከአገር ወጣች።

ለሁለት ዓመት የመጣች ሰው ይኸው ሰባተኛ ዓመቷን ያዘች። ትምህርቱ አለቀ፣ የመኖሪያ ፈቃዱም አብሮ አለቀ፣ ለእድሳት አመለከተች፣ ጉዳይዎ በመታየት ላይ ነው የሚል ወረቀት ላኩላት። በመታየት ላይ ያለ ሰው ከዚህ አገር መውጣት አይችልም፤ ከወጣ መመለስ የለም። ስልክ ስትደውል የሴት ድምፅ አንድን ይጫኑ ይላታል፣ ትጫናለች፣ አራትን ይጫኑ ይላታል፣ ትጫናለች፣ ሙዚቃ ይለቁባታል፣ ሙዚቃው ሲያልቅ መሥመሩም አብሮ ያልቃል። የሥራ ማመልከቻ ቅጹ ላይ የሙያ ዘርፍ የሚል አለ፤ አናጢ አለ፣ ሒሳብ ሠራተኛ አለ፣ ምግብ አብሳይ አለ፣ የትወና ንድፈ ሐሳብ መምህርት የሚል ከየት ይምጣ፣ መጨረሻ ላይ ሌላ የምትል ሣጥን ነበረች፣ እሷ ላይ ምልክት አደረገች። ሌላ ሆና ቀረች። ከስምንት ወር በፊት አንድ የድሮ ተማሪዋ፣ ጋሼ ስትሮክ መቷቸው ግራ ጎናቸውን ያዛቸው፣ ብሎ ጻፈላት። ያን ቀን ደወለች። አንድ ጊዜ እንደጠራ ዘጋችው። ምን ልትል ነው? እንዴት ነዎት ልትል? በየትኛው አፏ? ነገ እደውላለሁ አለች፣ ነገ ከነገ ወዲያ ሆነ፣ ስምንት ወር እንዲህ ነው የሚያልፈው።

ተነሥታለች። ፊቷን ታጥባለች። አውቶቡሱ ውስጥ ስልኩ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ነው፣ እንደ ትኩስ ነገር ጫፍ ጫፉን ይዛዋለች። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የነርሶች ማሠልጠኛ ውስጥ የልምምድ ታካሚ ሆና ትሠራለች። ተማሪዎቹ እውነተኛ በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት እንደ እሷ ያለ ሰው ላይ ይለማመዳሉ፤ አንድ ቀን ሆዷን ያማታል፣ አንድ ቀን ትንፋሽ ያጥራታል፣ አንድ ቀን መርፌ ትፈራለች። ዘጠኝ ዓመት ስለ ትወና ስታስተምር አንድም ቀን መድረክ ላይ ወጥታ የማታውቅ ሴት፣ በሰው አገር ተዋናይ ሆነች፣ ጉድ ነው። መግቢያው ላይ ኃላፊዋ ነርስ የዕለቱን ካርድ ሰጠቻት። ሴትዮዋ መልካም ናት፣ ወፍራም፣ ረጋ ያለች፣ ሰው ስታናግር ክንዱን የምትነካ። «ዛሬ ትንሽ ከበድ ይላል» አለቻት። ካርዱ እንዲህ ይላል፦ እርስዎ የታካሚው ልጅ ነዎት። ለአባትዎ ንጹሕ ልብስ ይዘው መጥተዋል። አባትዎ ከአንድ ሰዓት በፊት አርፈዋል፣ እርስዎ አልሰሙም። ነርሷ ትነግርዎታለች። ያዝናሉ።

ቆማ አነበበችው። እንደገና አነበበችው። አልችልም ልትል አፏን ከፈተች፣ ኃላፊዋ ግን የልብስ ፌስታሉን አስይዛት፣ ክንዷን ነካ አድርጋ ሄዳለች። ያዝናሉ። በምን በኩል? ከውስጥ ወደ ውጭ ነው ከውጭ ወደ ውስጥ?

የደረሰቻት ተማሪ ረጅም ልጅ ናት፤ የደንብ ልብሷ እጅጌ አጥሯት አንጓዋ ይታያል፣ የምትለውን ነገር መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጽፋዋለች። አልጋ፣ ወንበር፣ ትንሽ ጠረጴዛ፤ ኃላፊዋ ነርስ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ጀመሩ። ልጅቷ መዳፏን ሰረቅ አድርጋ እያየች «በጣም አዝናለሁ፣ አባትዎ ከአንድ ሰዓት በፊት አርፈዋል» አለች፣ አንድም ቃል ሳትስት። እሷም ያስተማረችውን አደረገች፤ ወደ ውስጥ ገባች፣ የእናቷን ሞት ፈለገች፣ የዚያን ቀኑን ዝናብ ፈለገች፣ ምንም የለም፣ ባዶ ቤት ነው፤ ስታጣ ጊዜ እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ትከሻዋን ነቀነቀች። ለራሷ ጆሮ እንኳ የሚያስጠላ ለቅሶ ነበር። ኃላፊዋ «እሺ» አለች፣ በደግነት። «ሁለታችሁም ከወረቀት ላይ ያነበባችሁ ይመስላል። እስቲ ከመጀመሪያው።»

ወጥታ በሩን ዘጋች። ፌስታሉን እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ያኔ የጋሼ ድምፅ መጣ፣ ሳትጠራው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ከፎቅ ስትወርድ በአዳራሹ በር በኩል የሰማችው፣ ቆማ ሳትጨርሰው ያለፈችው። «ሰው መርዶ ሲሰማ ቀድሞ አያለቅስም» ይሉት ነበር አንዱን ተማሪ። «የያዘውን ነገር ማስቀመጫ ይፈልጋል። ልቅሶውን ተወው፣ እሱ መንገዱን ያውቃል። አንተ ማስቀመጫ ፈልግ።» ያን ጊዜ ምን አሰበች? ይህ ከየትኛው ንድፈ ሐሳብ ይመደባል ብላ አሰበች። ሁለተኛው ቀስት ነው ብላ አሰበች፣ ከውጭ ወደ ውስጥ፤ በአእምሮዋ ቁጥር ሰጥታው ሄደች።

በሩን ከፍታ ገባች። ልጅቷ ተናገረች። እሷም ማስቀመጫ ፈለገች፣ ሌላ ምንም አላደረገችም። ወንበሩን አየች፤ የልጅቷ ፋይል አለበት። ጠረጴዛውን አየች፤ ብርጭቆ አለበት። አልጋውን አየች፤ አልጋው የእሳቸው ነው፣ አይሆንም። ወደ ወንበሩ ተመለሰች። ፌስታሉ ከበዳት፤ ፒጃማና አንድ ነጠላ ጫማ ብቻ ያለበት ፌስታል ክንዷን ከትከሻዋ ይጎትተው ጀመር፣ መሬት ላይ ልታስቀምጠው አሰበች፣ የአባት ልብስ መሬት ላይ አይቀመጥም፣ እንደገና ጠረጴዛውን አየች። ልጅቷ መዳፏ ላይ የተጻፈውን ረሳች። ሁለት እርምጃ መጥታ በሁለት እጇ ፌስታሉን ተቀበለቻትና «እኔ ልያዝልዎት» አለች፣ ቀስ ብላ፤ ካርዱ ላይ የሌለ ነገር። እሷ እጇ ባዶ ሲሆን መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። ልቅሶው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ መንገዱን ያውቅ ነበር፤ ኃላፊዋ «ይበቃል፣ ጥሩ ነው፣ ይበቃል» ስትልም አላቆመም፤ ልጅቷም ወለሉ ላይ አብራት ተንበርክካ፣ ፌስታሉን ደረቷ ላይ እንዳቀፈችው፣ አልተነሣችም።

«ምን አስበሽ ነው?» አለቻት ኃላፊዋ ነርስ በኋላ፣ ውሃ ሰጥታት። «ምንም» አለች። «ማስቀመጫ ነበር የምፈልገው።» «የት ነው የተማርሽው?» የት ነው የተማረችው? ሳትማር በበሩ አልፋ የሄደችውን ነገር የት ተማርኩት ትበል? «የሥራ ባልደረባ ነበረኝ» አለች። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች፣ ኮሪደሩ መጨረሻ መስኮቱ ሥር ቆማ፣ ሐሳቤን እንዳልለውጥ ብላ ሳትተነፍስ ደወለች።

«ቲቸር?» አለች የጋሼ ልጅ። ድሮ እሷም ተማሪዋ ነበረች፤ አሁን እዚያው ታስተምራለች። «እርስዎ ነዎት? ጠዋት ስደውል ስደውል…»

«አባትሽ» አለች።

«አለ እኮ፣ እዚሁ አጠገቤ። እሱ ነው ደውዪ ደውዪ እያለ ያስቸገረኝ። ሥራ ላይ ይሆናሉ ብለው አይሰማኝም። ቆይ ላቅርብለት።»

ግድግዳውን ተደገፈች። ስልኩ ውስጥ የብርድ ልብስ ኮሽታ ተሰማ፣ ትንፋሽ ተሰማ። ከዚያ ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተቱ፣ «ሰሌዳ» አሉ።

«አቤት ጋሼ።»

«ጠፋሽ።»

«ጠፋሁ።» ልትጠይቃቸው ያሰበችው ሁሉ፣ ጤና፣ መድኃኒት፣ ሐኪም፣ ድራሹ ጠፋ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ያ ግምገማ…»

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው።»

«ማን ነገረዎት?»

«አንቺ። መነጽሬ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ሰሌዳ። ጠርጥሬ ነው የወጣሁት። አንብቢልኝ ብዬ ስሰጥሽ፣ መስኮት መስኮቱን እያየሽ አነበብሽልኝ። ሰው የማያውቀውን ወረቀት መስኮት እያየ አያነብም።» ትንፋሻቸው ሲሰበሰብ ትሰማለች። «አሳምረሽ አስረዳሽኝ ደግሞ። ሥራዬ ምን እንደሚጎድለው ከዚያ ቀን በፊት የነገረኝ ሰው አልነበረም።»

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።»

«አዝኜብሻለሁ። ዋሽቼ አልነግርሽም፣ አሁንም አልለቀቀኝም። እሱን ስትመጪ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። ትመጫለሽ አይደል?»

ጉዳይዎ በመታየት ላይ ነው። መስኮቱን አየች፤ ውጭ አንድ ሰው ብስክሌቱን ከብረት ጋር ያስራል። «ወረቀቴ ጋሼ… ገና…»

«ገባኝ» አሉ። «እንግዲያው ሌላውን ላውራሽ። ትምህርት ቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ና አስተምር ብሎ መልሶኛል። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ ግን ነጋ ጠባ ለምን ይሉኛል። ለምን እንደሆነ እኔ አላውቅም። ድሮ ወዳንቺ እልካቸው ነበር፤ አሁን ፎቁ ላይ ማን አለ? አንቺ ለምን የሚለውን ንገሪያቸው፣ እንዴት የሚለውን እኔ አለሁ። በስልክም ቢሆን ይሆናል ትላለች ይቺ ልጅ።» ከዚያ፣ ሌላ ወሬ እንደሚቀጥል ሰው፣ «ዛሬ ምን ሠራሽ?» አሏት።

ነገረቻቸው። ካርዱን፣ ልጅቷን፣ ፌስታሉን። አላቋረጧትም። ስትጨርስ «በየትኛው እጅሽ ነበር የያዝሽው?» አሉ።

«በቀኝ።»

«በሚቀጥለው በግራ ያዢው። ቀኝ እጅ ማስቀመጥ ይቸኩላል።»

ሳቀች። መጨረሻ ከልቧ የሳቀችው መቼ እንደሆነ አታውቅም፤ ኮሪደሩ ላይ ያለፈ ሰው ዞር ብሎ አያት።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሌሊቱን ሠርታ ገባች፤ አልተኛችም። ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ የሚያያት ሳይኖር ለክፍል የምትለብሰውን ዓይነት ቀሚስ ለብሳ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አሮጌዎቹን ማስታወሻዎች አውጥታ ነበር፣ ሁለቱን ቀስቶች ወረቀት ላይ ስላ ነበር። የጋሼ ልጅ ስልኳን አዳራሹ መሀል ወንበር ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፈተችው። አንዱ ተማሪ፣ ድምፁ ገና ያልጎረመሰ፣ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ዕቃ ይዘን የምንቆመው ለምንድን ነው?» አለ። ሌሎቹ ሳቁ። «ሰሌዳ» አሉ ጋሼ፣ «ያንቺ ነው።»

ወረቀቱን አላየችውም። ማክሰኞ ስለሆነው ነገር ነገረቻቸው፤ መጀመሪያ በውሸት እንዳለቀሰች፣ ቀጥሎ ማስቀመጫ እንዳጣች፣ አንዲት ልጅ መዳፏ ላይ የጻፈችውን ረስታ እጇን እንደዘረጋች። ከዚያ ስለ ቀስቶቹ ነገረቻቸው፣ ባጭሩ፤ ዘጠኝ ዓመት ሁለት ሆነው የታዩዋት ደረጃው መሀል ላይ ስላልቆመች እንደሆነ። የምታወራው ወዲያ ማዶ ላሉ ሃያ ሰዎች ነው፤ አንዱንም አታየውም፣ አዳራሹ ግን ጭጭ ብሏል፣ ያን ዓይነቱን ጭጭታ ታውቀዋለች፣ ለስንት ዓመት አልሰማችውም።

«ሰማችሁ?» አሉ ጋሼ። «በሉ ተነሡ።»

ጣውላው ተንጓጓ። ሃያ ሰው ተነሥቶ መራመድ ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ እሷን ያናገራት የለም፣ የሚያስፈልግም አልነበረም። ስልኩን አልዘጋችም። ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ይዛ እግሮቹን ትለያለች፤ አንዱ ይቸኩላል፣ አንዱ ጫማው ሰፍቶታል፣ አንዷ በጣቷ ነው የምትሄደው። ከመካከላቸው አንድ እግር ይጎተታል፤ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ጎተት፣ ከዚያ የከዘራ ድምፅ።

«አባዬ፣ ሐኪሙ ምን አለህ? ቁጭ በል እንጂ» ትላለች ልጃቸው፣ ከሩቅ።

አልተቀመጡም።